ታች ሱቅ፣ ላይ ቤት
የሐረር ጉዞ ማስታወሻ



ሐረር ደርሶ የተመለሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጋን ስለ ጀጎል ግንብና ስለ በሮቹ፣ ስለ መስጂዶቹ ብዛት፣ ማታ ማታ ከከተማው ጥግ ስለሚቀለቡት ጅቦች ነው። ወሬው ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያች ከተማ ውስጥ ሰው በየቀኑ በሥሩ የሚያልፈውና ቀና ብሎ የማያየው አንድ ነገር አለ። እሱም ከሱቆቹ በላይ ያለው ቤት ነው። እኔ ራሴ ሐረርን ሦስት ጊዜ አይቼ ልብ አላልኩትም ነበር። ልብ ያልኩት በአራተኛው ጊዜ፣ እዚያው ውስጥ አሥር ቀን ስተኛ ነው።

ባለፈው ክረምት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ለዘመድ ጥየቃ ከአዲስ አበባ ተነሥተን በድሬዳዋ በኩል ወደ ሐረር ሄድን። የደንገጎን ዳገት ተጠማዘን ወጣን፤ ሐሮማያንና አወዳይን አልፈን ከዐስር ሶላት በፊት ሐረር በር ደረስን። ይህ በር ከጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ አይደለም፤ በኋላ ዘመን የተከፈተ፣ መኪና የሚያስገባ ሰፊ በር ነው። ከእሱ ተነሥቶ ወደ ፈረስ መጋላ የሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድም ከሌሎቹ የጀጎል መንገዶች ጋር አይመሳሰልም። ሌሎቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ሲሆኑ፣ ግራና ቀኛቸው መስኮት የሌለው ረጅም የኖራ ግድግዳ ነው። ይህኛው ግን ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ከሱቁ በላይ ደግሞ የእንጨት በረንዳ ነው።

የባለቤቴ አክስት የሚኖሩት ከፈረስ መጋላ ብዙም ሳይርቅ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ አጠገብ ነው። መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። መንገዱ ወደ ጊድር መጋላ ይወርዳል፤ በደጃፉ ላይ የተደረደሩት ሰፊዎች ጨርቅ የገዛን ሰው ገና ሳይርቅ ቀሚስ አድርገው ይሸኙታል። የአክስትም ቤት ታችኛው ክፍል የልብስ ሰፊ ሱቅ ነው። ላይኛው መኖሪያቸው ነው።

ልጆቼ በመጀመሪያው ቀን የጠየቁኝን ልንገራችሁ። «አባዬ፣ ሐረር ውስጥ ሌላው ቤት ሁሉ ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄ ብቻ ለምን ፊቱን ሰጠ?» አለችኝ ትልቋ። መልሱን ለማግኘት ስል ነው ይህን ሁሉ የለቃቀምኩት።

ሐረር በ1879 ዓ.ል. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የአሚሮቹ ከተማ መሆኗ አበቃ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ግብጾች ይዘዋት ነበር። ከጨለንቆ በኋላ ራስ መኮንን ገዢ ሆነው ሲቀመጡ የውጭ ነጋዴዎች በብዛት ገቡ፤ ከነሱም መካከል ሕንዶቹ ነበሩ። በኤደንና በዘይላ በኩል የሚመጡ፣ ብዙዎቹ ከጉጅራትና ከቦምቤይ ወገን የሆኑ፣ ከፊሎቹ ሙስሊሞች ከፊሎቹም ሂንዱዎች ነበሩ። ግመሉ ከባሕር ዳርቻ እስከ ጊልዴሳ ያመጣውን ጭነት በቅሎና አህያ ተቀብሎ ወደ ሐረር ያወጣው ነበር። ወደ ላይ የሚወጣው አቡጀዲ፣ ሐር፣ ቅመማ ቅመምና የብረት ዕቃ ነው፤ ወደ ታች የሚወርደው ቡናና ቆዳ ነው። ከነዚህ ነጋዴዎች ሁሉ ስሙ የገነነው የመሐመድ አሊ ኩባንያ ነበር። በአዲስ አበባም የታወቀ የንግድ ቤት ነበረው፤ ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1937 ዘግቶ እስኪያስወጣው ድረስ ሠርቷል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ነጋዴ ቤት ሲሠራ ምን ይፈልጋል? ዕቃው ከዓይኑ እንዲርቅ አይፈልግም። ገዢው ደግሞ በግቢ በር አንኳኩቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ እንዲገባ ሊያደርገው አይችልም፤ ደጃፉ ለአላፊ አግዳሚው ክፍት መሆን አለበት። ስለዚህ ታችኛውን ወለል ለጨርቁና ለሚዛኑ ሰጠው፤ ራሱና ቤተሰቡ ከላይ ተኙ። ቤቱ በአቀማመጡ ቀላል፣ አራት ማዕዘን ነው፤ ሁለት ወለል አለው፤ በመንገዱ ወይም በግቢው በኩል የእንጨት በረንዳ ተሠርቶለታል። ሐረር በሐምሌ 1998 ዓ.ል. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከ82 መስጂዶቿና ከ102 አዋቾቿ ጋር ይህም «የሕንድ ቤት» የሚባለው ዓይነት በመዝገቡ ተጠቅሷል። አርባ ስምንት ሄክታር ብቻ በሆነች ከተማ ውስጥ ይህ ሁሉ መታጨቁን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ነገር ግን የሕንዱን ቤት ለመረዳት መጀመሪያ የሐረሪውን ቤት፣ ጌይ ጋርን፣ ማየት ያስፈልጋል። አክስት በሁለተኛው ቀን ወደ ጎረቤታቸው ወሰዱን። ከመንገዱ በኩል የምታየው ግድግዳና አንድ በር ብቻ ነው። በሩን አልፈህ ስትገባ ግቢ አለ፤ በግቢው ዙሪያ የተለያዩ ቤተሰቦች ቤቶች አሉ፤ በሮቻቸውም ፊት ለፊት እንዳይተያዩ ተደርገው ተሠርተዋል። ቤቱ ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ነደባ ይሏቸዋል። ትልቁ ጊድር ነደባ ነው፤ ትንሹ ጢት ነደባ፤ አባወራው የሚቀመጥበት አሚር ነደባ፤ ቀሪዎቹ ሱትሪ ነደባና ገብቲ ኸር ነደባ ናቸው። አምስት መሆናቸውን ሰዎቹ ከአምስቱ የእስልምና ማዕዘናት ጋር ያያይዙታል። የመደቦቹ ፊት በቀይ አፈር የተቀባ ነው፤ ግድግዳው ላይ በየመስኮቱ ሥፍራ የተሠሩ ቀዳዳዎች ኪታብና ዕቃ ይይዛሉ፤ ከዚያ በላይ የሐረር እናቶች የሰፏቸው ሰፌዶችና ሙዳዮች በረድፍ ተሰቅለዋል። ልጄ በአሚር ነደባ ላይ ተቀምጣ ስታይ፣ ከዚያ ቦታ በግቢው በር የሚገባ ሰው ሁሉ እንደሚታያት ተረዳች። ሰው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ሰላምታ አቅርቦ ፈቃድ እንዲጠይቅ ዲናችን አዞናል። ጌይ ጋር ይህንን ሥርዓት በድንጋይና በጭቃ የሠራው ቤት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ ተመልሰን የአክስት በረንዳ ላይ ስንቀመጥ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። እዚህ መንገዱ እግርህ ሥር ነው። የአህያውም ኮቴ፣ የሎሚ ሻጯም ጥሪ፣ የሕፃናቱም ጠብ ሁሉ ወደ ላይ ይመጣል።

የቤቱ አሠራር እንዲህ ነው። ታችኛው ወለል ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ከክንድ የሚበልጥ ውፍረት ያለው ነው። ከመንገዱ በኩል ግድግዳ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ሁለት የድንጋይ ምሰሶዎችና በመካከላቸው ብዙ ተካፋች የእንጨት በሮች ናቸው። ጠዋት በሮቹ ሁሉ ሲታጠፉ ሱቁ መንገድ ይሆናል፤ ማታ ሲዘጉ መንገዱ ግድግዳ ያገኛል። ከዚያ በላይ የወለሉ አግዳሚ እንጨቶች ከግድግዳው ዘልቀው አንድ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣሉ። በረንዳው የተሠራው በነዚህ ላይ ነው፤ ከሥር የሚሸከመው ቋሚ የለም። በእንጨቶቹ ላይ ሳንቃ ተነጥፏል፤ ከፊት መደገፊያ አለ፤ ከላይ ቆርቆሮ። የቆርቆሮው ጠርዝ እንደ ዳንቴል በተቀረጸ ሳንቃ ተከቧል። ከበረንዳው ወደ ክፍሎቹ በሚያስገቡት በሮች አናት ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ መስታወት ነበረ። አሁን የቀረው ሁለት ሰማያዊና አንድ ቀይ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲገባ የእኛ ፍራሽ ላይ ያርፋል።

የሐረሪ ቤት ጣሪያ ጠፍጣፋና አፈር የለበሰ ነበር። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ መጠገን ነበረበት። ቆርቆሮ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ይህ ድካም ቀረ፤ በምትኩ የክረምት ሌሊት ጫጫታ መጣ። አክስት በዝናብ ጊዜ ሰው ሲያወራቸው አይመልሱም፤ እጃቸውን ወደ ጣሪያው ያሳያሉ።

በረንዳውን አስመልክቶ ግን ያላወቅሁት ነገር ነበር። ቤቱን የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ሲሆን፣ ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ል. ድሬዳዋ ሲገባና ንግዱ ወደዚያ ሲሳብ እንደ ብዙዎቹ እሱም ቆይቶ ዕቃውን ጠቀለለ። የአክስት አያት ገዙት። እኚህ ሰው ሐረሪ ናቸው፤ ቤተሰባቸው በጌይ ጋር ያደገ ነው። ሴት ልጆቻቸው በመንገድ ላይ በተሰቀለ በረንዳ ሊታዩ አልፈለጉም፤ ነገር ግን ልጆቹ አየርና ብርሃን እንዲያጡም አልፈለጉም። ስለዚህ መደገፊያውን እስከ ትከሻ ቁመት ከፍ አድርገው በቀጫጭን እንጨት አስጠለፉት። ከውጭ ለሚያይ ሰው ጥላ ብቻ ነው፤ ከውስጥ ለተቀመጠች ሴት መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ይታያታል። አክስት በሕፃንነታቸው የመውሊድ ሰልፍ ሲያልፍ ከዚያ ሆነው ያዩ እንደነበር ነገሩን። ከዚያም አያት ወደ ትልቁ ክፍል ዘወር ብለው በሕንዱ አራት ማዕዘን ክፍል ውስጥ ሁለት ነደባ አስገነቡ፤ ግድግዳውን ፈልፍለው የኪታብ ማስቀመጫ አወጡ። ቀይ አፈሩንም ቀቡት። አሁን በመንገድ በኩል ስትመጣ ሕንድ የሆነ፣ ጫማህን አውልቀህ ስትገባ ሐረሪ የሆነ ቤት ነው። እንዲህ ያለው ድብልቅ ቤት በጀጎል ውስጥ ብቻውን አይደለም፤ ሦስተኛ ዓይነት ተብሎ የሚቆጠር ነው። እኔ ከሦስቱም የወደድኩት ይህንን ነው። አያት ቤቱን ሳያፈርሱ ማንነታቸውንም ሳይጥሉ ያስማሙት በጥቂት እንጨትና ጭቃ ነውና።

ልጆቹን ይዘን የታወቁትን ቤቶችም አየን። የራምቦ ቤት የሚባለውን ያማረ የእንጨት ቤት ፈረንጆች ሁሉ ይጎበኙታል፤ ባለቀለም መስታወቱና ያጌጠው ጣሪያው በእርግጥ ሊታይ የሚገባው ነው፤ በውስጡም የድሮ ሐረር ፎቶግራፎች አሉ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ግን እ.ኤ.አ. በ1891 ሞቷል፤ ይህን ቤት ሕንዳዊ ነጋዴ የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ ያልኖረበትን ሰው ስም ይዞ የሠራውን ሰው ስም መርሳቱ ትንሽ አሳዝኖኛል። ከእሱ ብዙ ሳይርቅ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው አለ። እሱም የሕንድ ነጋዴ ሥራ ሲሆን፣ ዛሬ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በየቤቱ እየዞሩ ያሰባሰቧቸው የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች፣ ሳንቲሞችና ጌጣጌጦች የሚገኙበት ሙዚየም ነው። ልጄ በዚያ ያሉትን ቁርኣኖች አይታ ለመውጣት እምቢ አለች። የልጁ ፍላጎት ግን ጎራዴዎቹ ጋ ነበር።

ወደ አክስት ቤት እንመለስ። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ልጆቹ ታች ሱቅ ወርደው ከሰፊው ጋር ሲጫወቱ ቆይተው አንድ ምስጢር ይዘው መጡ። «አባዬ፣ ሱቁ ውስጥ የትም የማይወስድ ደረጃ አለ!» ወርጄ አየሁት። ከሱቁ ጓዳ የተነሣ የእንጨት ደረጃ ዘጠኝ እርከን ወጥቶ ጣሪያው ሥር ያበቃል። ሰፊው በየእርከኑ የጨርቅ ጣቃ ደርድረውበታል፤ ከታች ጥቁር ከላይ ነጭ። አክስት ጋ ወጥቼ ስጠይቃቸው ምንም ሳይናገሩ የመኝታ ክፍላቸውን ምንጣፍ ገለጥ አደረጉ። የወለሉ ሳንቃ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ የተነጠፈ ሲሆን፣ አንድ በር የሚያህል ቦታ ላይ ብቻ አቅጣጫው ይለወጣል። ጥልቅ ብለው የተመቱ የሚስማር ራሶች ይታያሉ።

ድሮ ነጋዴው በዚህ ደረጃ ነበር ለምሳ የሚወጣው፤ ሌሊት ኮሽታ ሲሰማም በዚሁ ይወርዳል። ሱቅና ቤት አንድ አካል የነበሩት በዚህ ደረጃ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ል. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት እንዲሆን አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ ግን ሱቁ ተከራይቶ የነበረ በመሆኑ ትርፍ ተባለ። ቀበሌ ወሰደው። መኖሪያው ለአክስት አባት ቀረላቸው። አንድ ግድግዳ ሁለት ባለቤት አገኘ፤ ደረጃውም በሚስማር ተዘጋ፤ ለላይኛው ቤት በግቢው በኩል አዲስ ደረጃ ተሠራ። በአገራችን ከተሞች ሁሉ ስንት እንዲህ የተቆረጠ ደረጃ እንዳለ አላህ ያውቃል።

ያም ሆኖ ሁለቱ ቤቶች ከመስማማት አልተቋረጡም። ሰፊው ሐጂ ናቸው፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ እዚያው ሱቅ ውስጥ አሉ። የመኪናቸው ድምፅ በሳንቃው በኩል ወደ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር። «አያውክዎትም?» ብዬ አክስትን ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ ሰዓት የለኝም» አሉኝ። «መኪናው ሲነሣ ጠዋት ነው። ዝም ሲል ዙህር ደርሷል። ሐጂ አዛን ከመባሉ በፊት ነው የሚያቆሙት፤ ውዱእ ሲያደርጉ ውሃው ሲንፏፏ እሰማለሁ፤ ያኔ እኔም እነሣለሁ።»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ እኛም በዚያ ሰሞን የሄድነው ለጥየቃ ብቻ አልነበረም። በረንዳው ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ልጆቻችን እንዳይወጡበት አክስት ገና በደረስን ቀን ገመድ አስረውበት ነበር። ካናዳ የሚኖረው ልጃቸው በስልክ አጥብቆ ይወተውታል፤ «እማዬ፣ ይሄን የበሰበሰ እንጨት አፍርሰሽ ጣይው፤ ብሎኬትና ብረት አስገብቼ በኮንክሪት ላሠራልሽ፤ ገንዘቡ የኔ ነው» ይላል። ልጁ የሚናገረው ከእናት ፍቅር ነው፤ አልፈርድበትም። እኔም እውነቱን ልናገርና በመጀመሪያ ከሱ ጋር ተስማምቼ ነበር። እንዲያውም አንድ የማላፍርበት አይደለም የማልለው ነገር ተናገርኩ፤ ሥራው ወራት ስለሚፈጅ ሰፊው ሌላ ሱቅ እንዲፈልጉ ይነገራቸው አልኩ። አክስት አልመለሱልኝም። ሆጃ ቀዱልኝ።

በማግስቱ አንድ አናጺ አመጡ፤ በዕድሜ የገፋ፣ በጀጎል ውስጥ ብዙ ቤት የጠገነ ሰው ነው። ከበረንዳው ሥር ቆሞ እያንዳንዱን አግዳሚ በመዶሻ እጀታ መታ። ጤነኛው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ዝም ይላል። ከአሥራ አንዱ አራቱ ዝም አሉ። አራቱም ጎን ለጎን ናቸው። ቢላዋውን ግድግዳው ውስጥ በሚገባበት ሥፍራ ሲሰካው እስከ እጀታው ገባ። ወደ ውጭ የወጣው ጫፍ ግን እንደ ብረት ደረቅ ነበር። «እንጨቱን የበላው ዝናቡ አይደለም» አለ። «ዝናብ የመታው ጫፍ ነፋስ ስላለው ይደርቃል። የበሰበሰው ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ነው። ግድግዳው ውሃ ይዟል።»

ውሃው ከየት መጣ? ሁለት ነገር አሳየን። አንደኛው ከላይ ነው፤ አሸንዳው ተሰንጥቆ ውሃውን በመንገዱ ፈንታ ግድግዳው ላይ ያወርዳል። ሁለተኛው ከታች ነው፤ የሱቁ ግድግዳ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሲሚንቶ ተለስኗል። የድሮው ግድግዳ በጭቃ ተገንብቶ በኖራ የተቀባ ስለሆነ የጠጣውን እርጥበት ወደ ውጭ ይሰጥ ነበር። ሲሚንቶው ግን መውጫውን ዘጋበት፤ እርጥበቱም ወደ ላይ ወጥቶ የእንጨቶቹን ሥር አገኘ። በተጨማሪም በዚያው ጊዜ ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት በር ለማስገባት ሲባል ከድንጋይ ምሰሶው ጎን ተቀንሷል፤ ከዚያ ቦታ ጀምሮ ስንጥቅ ወደ ላይ ይታያል። «በዚህ ላይ ኮንክሪት ብትጭኑበት እኔ ከሥሩ አላልፍም» ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ።

ያን ዕለት ማታ ሐጂ ወደ ላይ መጡ። በግቢው ደረጃ ዞረው፣ ሰላምታ አቅርበው፣ አክስት «ይግቡ» እስኪሏቸው ደጃፍ ቆመው ነው የገቡት። ሲሚንቶውን ያስለሰኑት እሳቸው ናቸው፤ ሱቁ እንዲያምር ብለው ነው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር። የብረት በሩንም በሌባ ምክንያት ነው ያስገቡት። የሰው ቤት ስለሆነ ፈቃድ የጠየቁት ከአንድ ቢሮ ነበር፤ ከላይ ካሉት ሴትዮ አልጠየቁም፤ ያንን እየደጋገሙ ያነሡት ነበር። አክስት ደግሞ አሸንዳው ከተሰነጠቀ ሁለት ክረምት እንዳለፈው፣ ከእሱ የሚፈሰው ውሃ ሐጂን አንድ ጣቃ ነጭ ጨርቅ እንዳበላሸባቸውና ሐጂ አንድም ቀን እንዳልነገሯቸው ከሌላ ሰው ሰምተው ነበር። እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ ትናንት የተናገርኩትን አሰብኩ። ሐጂ የመርከቧን ሐዲስ አነሡ፤ ከላይና ከታች የተሳፈሩትን ሰዎች ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጄ ግን አታውቀውም ነበርና «ታችኞቹ ለምን ሊበሱት ፈለጉ?» ብላ ጠየቀች። ሐጂ «ውሃ ለመቅዳት ወደ ላይ እየወጡ ሰው ላለማስቸገር» አሏት። «እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ላለማስቸገር ዝም አልኩ።»

ቀጥሎ ያለው ሥራ ብቻ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። በጀጎል ውስጥ ሰው ቤቱን እንዳሻው ማፍረስና መገንባት አይችልም፤ ቅርስ ስለሆነ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን ለማግኘት ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ አራት ቀን ተመላለስኩ። ለጥገና መሆኑን፣ እንጨቱ በእንጨት እንደሚተካ፣ ጠለፋውና ጌጡ እንደማይነካ ሲረዱ ፈቀዱልን። ካናዳ ላለው ልጅ አናጺው ራሱ በስልክ አስረዳው፤ ረጅም ክርክር ሆነ፤ በመጨረሻም ልጁ «እኔ የፈለግሁት እናቴ እንዳትወድቅ ነው» አለና ገንዘቡን ላከ። አሸንዳው በመጀመሪያ እንዲቀየር ተወሰነ። ሲሚንቶው ይፋቃል፤ ግድግዳው አንድ በጋ ይደርቃል፤ ከዚያ ኖራ ይቀባል። የፋቂውን ሒሳብ ሐጂ ከፍላለሁ ቢሉ አክስት እንቢ አሉ፤ ግማሽ በግማሽ ተስማሙ። የምሰሶው ጉዳይ ግን አልተቋጨም። ሱቁ የቀበሌ ስለሆነ ድንጋዩን ማን ይመልስ የሚለው ጥያቄ እኛ ስንመለስ ገና መልስ አላገኘም ነበር፤ አናጺው ለጊዜው ሁለት ወፍራም ባሕር ዛፍ አቁሞበታል።

አራቱን አግዳሚዎች ለመተካት በረንዳውን ከሥር መደገፍ ግድ ሆነ። ድጋፉ የሚቆመው ሱቁ ደጃፍ ላይ ስለሆነ ሐጂ ለአንድ ሳምንት ያህል መልቀቅ ነበረባቸው። ከመንገዱ ማዶ ያለ ሌላ ሰፊ በደጃፉ ላይ ቦታ ሰጣቸው። የኔ ልጅ የክር ሳጥኑን ተሸከመ፤ ልጄ መቀሱንና ሜትሩን ያዘች፤ መኪናውን እኔና አንድ ጎረምሳ አነሣነው። የድሮ መኪና ክብደቱ የዋዛ አይደለም። ጣቃዎቹን ከደረጃው ላይ ስናወርድ ዘጠኙ እርከኖች ባዶ ሆኑ፤ መካከላቸው በብዙ ሰው እግር የተበላና የጎደጎደ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አናጺው የመጀመሪያውን እንጨት አወጣ። እኛ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መሄዳችን ነበርና ባለቤቴ ልብስ ስታጥፍ፣ እኔ ቦርሳ ስዘጋ ረፋዱ አለፈ። ቤቱ እንግዳ ሆኖብን ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልገባኝም። አክስት ከጓዳ ወጥተው በጠለፋው መካከል ወደ ማዶ ተመለከቱ፤ ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ፤ ድምፁ ግን እዚህ አይደርስም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዙህር ስንት ደቂቃ ቀረው?»